ከማጠኛ የተረፈው ወይራ፦ የቦንሳይ ሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 2014

ሽሮ ሜዳ ያለው የቤተሰብ ግቢያችን ውስጥ፣ ከማድቤቱ ጀርባ፣ አንድ ወይራ አለ። ዛፍ ነው ወይስ ቁጥቋጦ ብትሉኝ ለመመለስ ይቸግረኛል፣ ቁመቱ ከኔ ትንሽ ቢበልጥ ነው፣ ግንዱ ግን እግሩ ጋ በሜትር ስለካው 21 ሳንቲ ሆነ፣ ዙሪያው አይደለም ውፍረቱ ነው። እናቴ እዚህ ቤት ስንገባ ነበረ ትላለች፣ የገባነው ደግሞ ደርግ ሳይወድቅ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ ከኔ ይበልጣል።

እንዲህ ያሳጠረው ሌላ ማንም ሳይሆን የኛው ቤት ነው። እናቴ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ጠላ ስትጠምቅ ጋኑን የምታጥነው በሱ ነው፣ የእርጎ ቅሉንም እንደዛው፣ ጎረቤት ድግስ ሲኖርበት «እስቲ ከወይራችሁ» ብሎ መጥረቢያ ይዞ ይመጣል፣ እኛ ልጆች እያለን ደግሞ መፋቂያ የምንቆርጠው ከሱ ነበር። በተቆረጠ ቁጥር ከታች ያቆጠቁጣል፣ ያቆጠቆጠው ክንድ ሲያክል እንደገና ይቆረጣል። ከላይ ሲያዩት የተጎሳቆለ ነገር ነው፣ ጠባሳ፣ ጉቶ፣ ሞቶ የደረቀ እንጨት፣ ሥጋው ውስጥ ገብቶ የቀረ የልብስ ማስጫ ሽቦ ሳይቀር አለበት።

አሁን ታላቅ ወንድሜ እዛ ቦታ ላይ ለኪራይ የሚሆን ሰርቪስ ሊሠራ ነው፣ መሠረት የሚቆፍሩት ልጆች ከመምጣታቸው በፊት ወይራው ይነሳ ተባለ። እኔ ደግሞ ከችግኝ ጣቢያ የገዛኋቸውን ትንንሽ ፊከስና ጥድ በሳህን ላይ እያስቀመጥኩ ቦንሳይ (ዛፍን ሳህን ላይ አሳጥሮ አሮጌ ትልቅ ዛፍ እንዲመስል ማሳደግ) ነው ብዬ የምጫወት ሰው ነኝ፣ ሽቦ አጠማዘዝ ምናምን እዛ ላይ ነው የለመድኩት። የነሱ ችግር ግን ግንዳቸው እርሳስ ነው፣ ሳህን ውስጥ ያለ ተክል ሥሩ ስለታፈነ ግንዱ አይወፍርም፣ ወይም በጣም በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚወፍር። ለዛ ነው ቦንሳይ የሚሠሩ ሰዎች ችግኝ ከማሳደግ ይልቅ መሬት ላይ ወፍሮ በሆነ ምክንያት ያጠረ ዛፍ የሚፈልጉት፣ ጃፓኖች ድሮ ተራራ ወጥተው ነፋስና በረዶ ያሳጠረውን ነበር የሚያመጡት፣ ሌላ ቦታ ፍየል የጋጠችውን ይፈልጋሉ። እኛ ጋ ያንን ሥራ መጥረቢያ ሠርቶታል። በየበዓሉ የተቆረጠው ነገር ሲደመር ወፍራም እግር፣ አጭር ቁመት፣ ከታች እስከ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ ግንድ ሆኗል፣ አንድ ሰው ይሄን ፕላን አድርጎ ልሥራው ቢል ሃያ ዓመት ይፈጅበታል።

ለወንድሜ እኔ እነቅለዋለሁ፣ አንተ አትንካው አልኩት። «ይሄን ጉቶ?» አለኝ። አዎ ይሄን ጉቶ።

በነገራችን ላይ ከእንጦጦ ጫካ ወይም ከቤተክርስቲያን ግቢ ወይራ ነቅሎ ቦንሳይ አደርጋለሁ የሚል ካለ እኔን አያማክረኝ፣ የቀረችን ጥቂት ናት። እዚህ የምጽፈው ሊጣል ስለነበረ የግቢ ተክል ብቻ ነው።

ግንቦት መጨረሻ

አፈሩን በእጄና በአሮጌ ጭልፋ እየጫርኩ የግንዱን እግር አየሁት፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ስለሆነ። ከላይ የምናየው ግንድ ሁሌ እውነተኛው እግር አይደለም፣ ዝናብ ያመጣው አፈር፣ አመድ፣ ቆሻሻ ይቀብረዋል። አራት ጣት ያህል ወደታች ስወርድ ግንዱ እየሰፋ ሄዶ አበጥ ያለ ትልቅ እብጠት ሆነ፣ ወይራ እዛ ጋ ነው ምግቡን የሚያጠራቅመውና አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣው። ሥሮቹ ግን በአንድ በኩል ብቻ ናቸው፣ ወደ ማድቤቱ በኩል ያለው ድንጋይ ስለሆነ እዛ ጎን ራቁት ነው ማለት ይቻላል። ይሄን ጻፍኩት ምክንያቱም በኋላ ዋጋ ያስከፍላል ብዬ ስላሰብኩ።

ጊዜው ላይ ትንሽ ልበል። የውጪዎቹ ቪዲዮዎች በጸደይ መጀመሪያ ንቀሉ ይላሉ፣ የነሱ ጸደይ ግን የኛ አይደለም። እኛ ማየት ያለብን መሬቱ መቼ ይሞቃል፣ ዛፉ መቼ ለማቆጥቆጥ ይነሳል የሚለውን ነው። ወይራ ሥሩ ከተቆረጠ በኋላ ሙቀት ይፈልጋል፣ ሽሮ ሜዳ ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነች ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ ያኔ ቢነቀል ዝም ብሎ ይቀመጥና ብዙ ጊዜ ይበሰብሳል። እኔ ብመርጥ መጋቢት ላይ ነቅዬ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ሰርቪሱ ግን እኔን አይጠብቅም። የግንቦት መጨረሻም ቢሆን መጥፎ አይደለም፣ መሬቱ ገና ሞቅ ያለ ነው፣ ሰማዩ ደግሞ እየደመነ ስለሆነ ሥር የሌለውን ግንድ ጸሐይ አታደርቀውም።

ማሳደጊያው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጥቁር አፈርና ፍግ ቀላቅሎ መሙላቱ ነው። ሥር የሌለው ግንድ ምግብ አይበላም፣ እሱ የሚፈልገው አየርና እርጥበት አንድ ላይ ነው፣ ኮትቻ ወይም የኛ ሰፈር ቀይ ጭቃ በሐምሌ ዝናብ ውሃ ይዞ ይቆምና ሥሩን ያፍነዋል። ውጪ ያሉ ሰዎች እሳተ ገሞራ የተፋውን ድንጋይ በኪሎ በውድ ይገዛሉ፣ እኛ ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለን ሰዎች ብሎኬት እንሠራበታለን። ብሎኬት ከሚያመርቱ ልጆች ሦስት ኬሻ ፑሚስ (ያንን ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ) ወሰድኩ፣ ቀይ አሽ ደግሞ መንገድ ሊሠራ ተራግፎ ከተረፈው ላይ ለምኜ። ሁለቱንም በአሸዋ ወንፊት ነፋሁ፣ ከላይ የቀረውን ትልቁን ጣልኩ፣ ከታች የወረደውን በወባ አጎበር እንደገና ነፍቼ ዱቄቱን አስወገድኩ። ዱቄቱ መውጣቱ ግድ ነው፣ እሱ ከታች ተጠራቅሞ ድሬኔጁን (የውሃ መውጫውን) ይደፍነዋል። የቀረው ከሽንብራ እስከ ባቄላ የሚያክል ጠጠር ነው፣ አጠብኩት።

ሳጥኑን ከባሕር ዛፍ ጣውላ ሠራሁት፣ 50 በ50፣ ጥልቀቱ 20 ሳንቲ፣ ታች ጣውላዎቹ መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ ከላዩ የወባ አጎበር ተነጥፏል።

ሰኔ መጀመሪያ፣ የመንቀያው ቀን

ሁለት የቀን ሠራተኛ ልጆች ዲጂኖ ይዘው መጡ። መጀመሪያ ከላይ ያለውን በመጋዝ ወደ 35 ሳንቲ አወረድኩት፣ ቅጠል አንድም አላስቀረሁም። የሚገርማችሁ ጥድ ቢሆን ይሄ ሞቱ ነው፣ ጥድ አረንጓዴ ያልቀረለት ቅርንጫፍ ተመልሶ አያቆጠቁጥም፣ ወይራ ግን ካረጀ እንጨት ውስጥ ቀንበጥ ያወጣል። እናቴ የተቆረጠውን እየሰበሰበች ማድቤት ስታስገባ ፊቷ አልተፈታም።

«እንግዲህ ከዚህ በኋላ ወይራ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ልገዛ ነው» አለች።

«እማ አይሞትም፣ ሲያድግ የምቆርጠውን ሁሉ ላንቺ ነው የምሰጠው።»

«ያንን? በሳህን ላይ ያለውን?»

ከግንዱ ሁለት ስንዝር ራቅ ብለን ዙሪያውን ቆፈርን፣ የተገኘውን ሥር በመጋዝ፣ በመቀስ፣ በመጨረሻ በመጥረቢያ። ድንጋዩ በኩል ዲጂኖ አስገብተው ብድግ ሲያደርጉት ተነሳ፣ ለሁለት ነው የተሸከሙት። ጭቃውን በጎማ ውሃ አጠብኩት፣ ሁሉንም፣ ትንሽ ይቅርለት የሚባል ነገር የለም ምክንያቱም ቀዩ ጭቃ ፑሚሱ መሀል ከቀረ ውሃ አያስገባም አያስወጣም። ከዛ ሥሩን ከታች በመጋዝ ጠፍጣፋ አድርጌ ቆረጥኩት፣ አንድ ቀን ጥልቀት በሌለው ሳህን ላይ መቀመጥ ስላለበት ወፍራም ሥሮቹን ዛሬ ማሳጠር ይሻላል፣ ሁለት ጊዜ ከማሰቃየት። የቀሩት ቀጫጭን ሥሮች እፍኝ አይሞሉም። ቁስሎቹን ከማር ነጋዴ በገዛሁት ሰም ሞቅ አድርጌ ደፈንኳቸው።

ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጬ ፑሚሱን በዱላ እየወጋሁ ሥሮቹ መሀል አስገባሁ፣ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀበር ድረስ። ከዛ በጥቁር ሽቦ ግንዱን ከሳጥኑ ጋ አሰርኩት፣ ብረት የሚያስሩበት ማለቴ ነው። ይሄን ማንም እንዳይዘለው። አዲስ የሚወጣ ሥር እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ ግንዱ በነፋስ ወይም በልጅ እጅ ትንሽ ከተነቃነቀ ይበጠሳል፣ ከላይ ሲያዩት ምንም አይታይም፣ ዛፉ ግን እየሞተ ነው።

ሐምሌ

ምንም የለም። ከላይ ነጭ ፕላስቲክ እንደ ድንኳን አልብሼው ከጣሪያው ክዳን ሥር አስቀምጬዋለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ውስጡ ያልበዋል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ሥር እስኪኖረው ድረስ እርጥበቱን በቅርፊቱ በኩል እንዳያጣ ያደርገዋል። ዝናቡ በቀጥታ እንዲመታው አልፈለኩም፣ ድሬኔጁ ችግር የለበትም ግን የሐምሌ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። በጥፍሬ ትንሽ ቅርፊት ጫር ሳደርግ ከሥሩ አረንጓዴ ነው። ሌላ ማድረግ የሚቻል ነገር የለም፣ ወንድሜ በየጊዜው «ቀበርከው?» እያለ ይጠይቀኛል።

ነሐሴ

ወጣ! መጀመሪያ ከእብጠቱ ጠርዝ፣ ፑሚሱን ገፍተው፣ ሐምራዊ ነገር ያላቸው ጫፎች፣ ከዛ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከግንዱ ላይ፣ በተለይ ከአሮጌ ጠባሳዎች ከንፈር ላይ፣ መቁጠር ተውኩ። ግራው በኩል ሙሉ ነው። ቀኙ፣ ድንጋዩ በኩል የነበረው፣ ጸጥ ብሏል።

ደስ ቢለኝም ፕላስቲኩን አላነሳሁም። የመጀመሪያው ቀንበጥ ግንዱ ውስጥ ተጠራቅሞ ከነበረ ምግብ ነው የሚወጣው፣ ሥር መኖሩን አያሳይም፣ ተቆርጦ የተጣለ የወይራ ግንድም እርጥብ ቦታ ከተቀመጠ ያቆጠቁጣል ከዛ ይደርቃል። ቀንበጦቹ ትንሽ አድገው ቆም ይላሉ፣ ያኔ ነው አስፈሪው ጊዜ። ከቆሙበት ተነስተው እንደገና መርዘም ከጀመሩ ከታች ሥር አለ ማለት ነው።

ጥቅምት 2015

ከመስቀል በኋላ እንደገና ረዘሙ። ፕላስቲኩን መጀመሪያ ጥግ ጥጉን ከፈትኩ፣ ከዛ ማታ ማታ ብቻ አለበስኩት፣ ከዛ ጨርሼ አነሳሁት፣ ጸሐይ የጠዋቱን ብቻ ነው የሰጠሁት።

አሁን ችግሩ ውሃ ነው። ፑሚስ ቶሎ ይደርቃል፣ በበጋ በየቀኑ ይፈልጋል፣ ሰፈራችን ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ሮቶው ሲያልቅ ለዛፍ ውሃ ማጠጣት ቤት ውስጥ ጠብ ያመጣል። መፍትሄው አሮጌ ኬሻ አርሶ የሳጥኑን ፊት መሸፈን ሆነ፣ ግማሽ ውሃ ነው የቆጠበልኝ። ምግብ የከብት እበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ከላይ የጠለለውን በውሃ አቅጥኜ በየሁለት ሳምንቱ፣ በጣም ቀጭን፣ የሻይ ቀለም እስኪሆን። ዩሪያ አለን ስጠው ያለኝ ነበር፣ አዲስ ሥር ላይ ዩሪያ ያቃጥላል አይሆንም።

ምንም አልቆረጥኩም። ቅጠል በበዛ ቁጥር ሥር ይበዛል፣ አሁን ቆንጆ ላድርገው የሚል ሰው ዛፉን ወደኋላ ይመልሰዋል።

የካቲት 2015

ቀኙ በኩል ያለው ቅርፊት ሲነኩት ተላቀቀ። በጣት አጥንት ሲያንኳኩት ቋ ቋ ይላል፣ ግራው ግን ድፍን ነው። የጠበኩት ነገር ነው። ወይራ ውስጡ እንደ ብዙ ዛፍ አይደለም፣ እያንዳንዱ ትልቅ ሥር በቀጥታ ከሱ በላይ ያለውን የግንድ ክፍልና ቅርንጫፍ ነው የሚመግበው፣ አንዱ ሥር ከጠፋ ከሱ ቀጥታ በላይ ያለው ጎን ከታች እስከ ላይ ይደርቃል፣ ሌላው ጎን ምንም አይሆንም። አሮጌ የቤተክርስቲያን ግቢ ወይራ አይታችሁ ከሆነ፣ ግማሹ የሞተ ውስጡ ሰው የሚያስገባ ባዶ ሆኖ በሌላው ግማሽ አናቱ ለምልሞ የቆመ፣ ምክንያቱ ይሄው ነው።

ስለዚህ የሞተውን አልደብቀውም፣ ፊት ለፊት አደረኩት። እስካሁን የዛፉ ፊት ግራው ነው ብዬ ነበር የማስበው፣ አሁን ሩብ ዙር አዞርኩት፣ የሞተውና ሕያው የሆነው የሚገናኙበት መስመር መሀል ላይ ሆነ፣ ግንዱም ከዚህ ጎን ትንሽ ወደ ተመልካቹ ያዘነብላል። እውነቱን ለመናገር ከበፊቱ ይሻላል።

አንድ አናጢ ጎረቤት አለን፣ ግራይንደር አዋሰኝ። እኔ ግን በግራይንደር ያደረኩት የመጋዙን ጠፍጣፋ ቁርጥ መስበር ብቻ ነው፣ አናቱ ላይ ያለው ልሙጥ ክብ ከሩቅ «ሰው ቆረጠኝ» ይላል። የቀረውን በመሮና በመዶሻ፣ የእንጨቱን ክር ተከትሎ፣ አንዳንዱን ቦታ በፒንሳ ይዞ እየቀደዱ ወደታች መሳብ፣ የተቀደደ እንጨት በነፋስ የተሰበረ ነው የሚመስለው። የወይራ እንጨት ጠንካራ ነው፣ መሮው በየሰዓቱ ይሞረዳል። ወንድሜ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው እንደ አጥር እንጨት አይበላም አለኝ፣ ለአጥር አዎ፣ እዚህ ግን ዘይቱ ወርዶ ሥሩን ይገድለዋል። ወይራ ሳይቀባም ዓመታት ይቆያል፣ የሚበሰብሰው እርጥብ ጠጠር የነካው ግርጌው ነው፣ እዛ ጋ ሰም አሞቄ አጠጣሁት።

ሰኔ 2015

ከነዛ ሁሉ ቀንበጦች ስድስት አስቀረሁ፣ ሌላውን ከሥሩ ቆረጥኩ። ምርጫው እንዲህ ነው፣ ከአንድ ነጥብ ሦስት አራት የወጡ ካሉ አንድ ብቻ ይቀራል፣ አለበለዚያ ቦታው ያብጥና ቋጠሮ ይሆናል። ወይራ ቅጠሉም ቀንበጡም ጥንድ ጥንድ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ በየመገንጠያው አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

ሽቦ። ቅርንጫፉ ላይ ተጠምጥሞ በተፈለገው በኩል አጥፎ የሚይዘው እሱ ነው። ለቦንሳይ ተብሎ የሚሸጠው አሉሚኒየም እዚህ አላገኘሁም፣ መዳብ ግን ምናለሽ ተራ ሞልቷል። የኤሌክትሪክ ኬብል የሆነውን፣ 2.5 እና 4 ካሬ ሚሊሜትር፣ ላስቲኩ ተልጦ ያለቀውን ገዛሁ። ላስቲኩን አቃጥለው የሚያወጡ አሉ፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ ካልተላጠ በምላጭ ላጡት። መዳቡ እንዳለ ደረቅ ነው፣ ማታ ከሰል ላይ ጥሎ ጨለማ ውስጥ ፈዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ማጋል፣ ከዛ ማቀዝቀዝ፣ እንደ ክር ይለሰልሳል። አንዴ ከተጠመዘዘ በኋላ ግን መልሶ ይደርቃል፣ ለዛም ነው ቅርንጫፍ ይዞ የሚቆየው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምታጥፉት፣ ወደፊት ወደኋላ ካላችሁ ቅርንጫፉም ሽቦውም ይሰበራል።

የወይራ ቀንበጥ አረንጓዴ እያለ ከመነሻው ነው ተገንጥሎ የሚወድቀው፣ ከጠነከረ ደግሞ አይታጠፍም። መሀሉ ላይ አንድ ጊዜ አለ፣ ታችኛው ክፍል ቡናማ ሲጀምር ጫፉ ገና ሲለሰልስ፣ ያኔ ነው ሽቦው የሚጠመጠመው፣ ቀንበጡን መነሻው ጋ በአውራ ጣት ደግፎ። ሁለት ቅርንጫፍ በአንድ ሽቦ ካያያዛችሁ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።

እትዬ ጎረቤታችን መጥተው ትክ ብለው አዩትና «ምን አድርጎ ነው የታሰረው?» አሉኝ። እናቴ ከማድቤት ሆና «ጠላ አጥኖ» አለች።

2016፣ ባጠቃላይ

ይሄ ዓመት ለማንበብ አሰልቺ ነው ምክንያቱም ሥራው አንድ ብቻ ነው፣ ማሳደግና መቁረጥ። ቅርንጫፉ እንዲወፍር ከፈለጋችሁ ይለቀቃል፣ ሜትር እስኪሞላ፣ ከዛ በጭካኔ ወደ ሦስት ሳንቲ ይቆረጣል፣ ከተቆረጠበት ሁለት ይወጣል፣ አንዱ ይቀራል፣ እንደገና ይለቀቃል። እንዲህ ሲደረግ ነው ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋ ሲገናኝ ወፍራም ወደ ጫፍ ቀጭን የሚሆነው። በክረምት ሽቦው በሁለት ወር ውስጥ ሥጋው ውስጥ መግባት ይጀምራል፣ እስኪነክስ ሳይጠብቁ በመቁረጫ ቁርጥራጭ አድርጎ ማውጣት ነው፣ ሽቦው ያሳዝናል ብሎ መፍታት ቅርንጫፍ ይሰብራል።

የተቆረጠው በሙሉ ለእናቴ ገብቷል፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይነዳል ጭስ አይሰጥም ብላ ታማርራለች፣ ትጠቀማለች ግን።

ግንቦት ላይ ጉንዳን ግንዱ ላይ ሲመላለስ አየሁ፣ ጉንዳን ካለ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው፣ ቅጠሉን ስገለብጥ ቡናማ ጠብታ የመሰሉ የማይንቀሳቀሱ ተባዮች ተለጥፈዋል፣ የነሱ ጣፋጭ ፈሳሽ የወደቀበት ቅጠል ላይ ጥቁር ጥላሸት አለ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና ፈሳሽ ሳሙና አንድ በአንድ። የሳጥኑን እግሮች ውሃ ያለባቸው ጣሳዎች ውስጥ አስቀመጥኳቸው፣ ጉንዳኑ ቀረ፣ ጉንዳኑ ከሌለ ሌሎች ነፍሳት መጥተው ተባዩን ይበሉታል።

ቅርጹ ላይ ብዙ አሰብኩ። መጽሐፍ ላይ ያለው ቦንሳይ አብዛኛው የጃፓን ጥድ ነው፣ ሦስት ማዕዘን፣ ቅርንጫፎቹ ወደታች የወረዱ፣ ያ ቅርጽ የበረዶ አገር ዛፍ ነው፣ በረዶው ተጭኖት ነው የወረደው። ወይራ ላይ በረዶ የተጫነው የት ነው? ደቡብ አፍሪካ ያሉ ሰዎች የኛው ዓይነት የዱር ወይራ ላይ ብዙ ሠርተዋል፣ እነሱም ብዙዎቹ የራሳቸውን ሜዳ ዛፍ ነው የሚከተሉት። እኔም እሁድ እሁድ በየደብሩ ያሉትን አሮጌ ወይራዎች ፎቶ አነሳሁ፦ ግንዱ ወፍራምና የተጣመመ፣ ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ ወጥተው ከዛ ወደ ጎን የሚዘረጉ፣ አናቱ ክብ ግን ብርሃን የሚያሳልፍ። ያንን ነው የምሠራው። አንድም ቅርንጫፍ ከአግድም በታች አላወረድኩም።

ወንድሜ ሰርቪሱን ጨርሶ አከራይቷል፣ ቆሞ አየውና «ይሄ ነገር ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለኝ። ዋሽንግተን አካባቢ ያለችው የአጎታችን ልጅ የላከችውን ፎቶ አሳየሁት፣ እዛ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) ውስጥ የቦንሳይ ሙዚየም አለ፣ በ1976 ጃፓን ለአሜሪካ ከሰጠቻቸው መሀል አንዱ ከ1625 ጀምሮ በሳህን ላይ ያለ ነጭ ጥድ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1945 ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ ዛፉ ቦምቡ ከወደቀበት ሦስት ኪሎሜትር ያህል ርቀት ላይ የባለቤቶቹ ያማኪ ቤተሰቦች ግቢ ውስጥ ነበር፣ ግንብ ከልሎት ተረፈ፣ አሜሪካኖቹ ይሄን ያወቁት በ2001 የያማኪ የልጅ ልጆች ዛፉን ሊጠይቁት ሲመጡ ነው። ወንድሜ ፎቶውን አጉልቶ አየና «ኪራይ ይከፍላል?» ብሎ ሄደ።

መጋቢት 2017

ከሳጥን ወጣ። ሥሩ በሦስት ዓመት ውስጥ ሳጥኑን ሞልቶ የባሕር ዛፉን ጣውላ ገፍቶታል፣ ጣውላውም በስብሷል። ፑሚሱን በእንጨት ሹካ እያራገፍኩ ሳይ ግራው በኩል ቀጫጭን ሥር እንደ ስጋጃ ነው፣ የሚገርመው ከሞተው ጎን ጠርዝ ላይ፣ ከእብጠቱ፣ ሁለት አዲስ ሥሮች ወጥተው ወደ ቀኝ ዞረዋል፣ ስለዚህ ከፊት ሲታይ እግሩ በሁለቱም በኩል መሬት የያዘ ይመስላል። ከሥሩ አንድ ሦስተኛ ያህል ቆረጥኩ፣ ወደታች የሚሄደውን ሁሉ፣ ወደ ጎን የሚሄደውን አስቀረሁ።

ሳህኑ ከቀጨኔ ነው። የጃፓን ሳህን የት ይገኛል፣ ቢገኝስ ማን ይከፍለዋል፣ ቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉ። በካርቶን ልኩን ቆርጬ ሄድኩ፣ ክብ፣ 45 ሳንቲ።

«ምጣድ ነው የምትፈልገው?»

«አይ እትዬ፣ የዛፍ ማስቀመጫ ነው። ጠርዙ አራት ጣት ከፍ ይበል፣ ታቹ ይበሳልኝ።»

«ከተበሳ ምን ይይዛል ልጄ?»

«እንዳይዝ እኮ ነው የፈለኩት፣ ውሃው መውጣት አለበት።»

ካርቶኑን ገልብጠው አዩ፣ ሳቁ፣ ከዛ ቁም ነገሩ ሲገባቸው እኔ ያላሰብኩትን ነገሩኝ፣ ታቹ ሰፊ ሆኖ ብዙ ከተበሳ እሳት ላይ ይሰነጠቃል፣ መሀል መሀሉን ትተን ወደ ዳር አምስት እንብሳ፣ እግርም ሦስት ይኑረው አራት ከሆነ ይንጋደዳል አሉ። የመጀመሪያው እሳት ላይ ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛው ደህና ወጣ፣ ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለበት፣ ጭሱ የነካው ቦታ እንዳለ ነው። በአነስተኛ እሳት የተጠበሰ ሸክላ ውሃ ይጠጣል፣ በረዶ አገር ቢሆን ይፈረካከሳል፣ እኛ ጋ ግን ጥቅም ነው፣ ሥሩ ይተነፍሳል። ብቻ ሲነሳ በጠርዙ እንዳይያዝ።

ጠጠሩ ሁለት እጅ ፑሚስ፣ አንድ እጅ ቀይ አሽ፣ እፍኝ የተነፋ ኮምፖስት። በቀዳዳዎቹ የመዳብ ሽቦ አሳልፌ አሰርኩት።

ጥቅምት 2018

ቁመቱ ከነአናቱ 48 ሳንቲ። ቅጠሉ መጀመሪያ ላይ ጣት የሚያክል ነበር፣ አሁን ሙሉ ጸሐይ ላይ ስለሆነና ደጋግሞ ስለተቆረጠ የአውራ ጣት ጥፍር አክሏል፣ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ ከታች ወርቃማ ቡናማ፣ ነፋስ ሲመጣ የታቹ ነው የሚታየው። የሞተው እንጨት ያለ ምንም ቅባት በጸሐይ ብቻ ወደ ግራጫ እየነጣ ነው።

የቀሩ ሥራዎች፦ አናቱ ላይ የልብስ ማስጫ ሽቦው ጫፍ ትንሽ ወጥቶ ይታያል፣ ላውጣው ብል ሕያው መስመሩን እነካለሁ፣ ስለዚህ እዛው ይቆያል። ግራ ሁለተኛው ቅርንጫፍ ገና ቀጭን ነው፣ እሱን ብቻ እስከሚቀጥለው ክረምት ሳልነካ እለቀዋለሁ፣ ሌላው በየሁለት ጥንድ ቅጠሉ ይቆረጣል። በታህሳስ ሌሊት ሳህኑ ከግንቡ ሥር ይገባል፣ ኬሻውም ይለበሳል። የኋላውን ሽቦ ደግሞ ሳይነክስ ይሄን ሳምንት ቆርጬ ማውጣት አለብኝ፣ አንድ ቦታ ላይ ቅርፊቱ ማበጥ ጀምሯል።